ያልቀጠርኩት ሠራተኛ

ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ወርክሾፕ አለኝ። የወፍጮ ድንጋይ እወቅራለሁ፣ የጎበጠ ዘንግ አቃናለሁ፣ የተሰበረ እበይዳለሁ፣ አልነሳ ያለ የናፍጣ ሞተር አስነሳለሁ። ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባለው ገጠር ወፍጮው ቆሞበት እኔን ያላስጠራ ባለወፍጮ ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ግን እኔ ማን እንደሆንኩ ካላወቃችሁ ያጠፋሁትን ጥፋት በልኩ አታዩትም።

ሰውየው ያሳደግኩት ልጅ ነው። አልወለድኩትም። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም፣ ጺሙ ገና ሳያቀመቅም፣ እናቱ ከገጠር ይዛው መጣች። ባሏ ከሞተ ብዙም አልቆየም ነበር። ልጇ ብረት ሲያይ እንደሚፈዝ፣ የሰፈራቸው ወፍጮ በተበላሸ ቁጥር እርሻ ትቶ እዚያ እንደሚውል ነገረችኝ። እሺ፣ ይቆይ አልኳት። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ሙያ ያስተምሩልኝ» አለች። «ለተቀጣሪነት ከሆነ ግን አልሰጥዎትም። ይዤው እመለሳለሁ።»

ነገሩ ገባኝ። በእኛ ገጠር ተቀጣሪ ሲባል የሰው ከብት እየጠበቀ፣ ዓመት ቆጥሮ እህል የሚሰፈርለት ሰው ነው መጀመሪያ የሚታሰበው። ባሏ በልጅነቱ እንዲያ ነበር። ቤተሰቡ በልቶ ሲነሳ የተረፈውን ብቻውን እየበላ ነው ያደገው። ጎጆ ወጥቶ፣ በሬ ጠምዶ፣ የልጆች አባት ሆኖ እንኳ ማዕድ ሲቀርብ ካልጠሩት በቀር ወደ መሶቡ አይጠጋም ነበር አለችኝ። በገዛ ቤቱ ማለቴ ነው። ሙሉ ትዳሯን ይህን ስታይ ኖራ ልጇን ለዚያ ልትሰጥ አትችልም።

ማልኩላት። «ጊዮርጊስን፣ እኔ ቤት ተቀጣሪ አይባልም። እንደ ልጄ ነው የማየው» አልኳት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዤ አነሳኋት። ልጁን ትታው ሄደች።

መሐላዬን ጠብቄአለሁ፤ በዚህ በኩል ማንም አያማኝም። ከገበታዬ በላ። ሚስቴ ከልጆቼ ለይታ አላየችውም። ልጅ ሳለ ልብሱን እኔ ገዛሁ፣ እጁ ሲፈታ ከየሥራው የተገኘውን እንካፈል ጀመር፣ ሚስት ሲያገባ በአባት ወገን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በእኔና በእሱ መካከል ደመወዝ የሚባል ቃል ተነስቶ አያውቅም። ቢነሳ ኖሮ ሁለታችንም እናፍር ነበር።

ደግሞ እጅ ነበረው። ይህን ሳወራ አሁንም ትንሽ ይቆጠቁጠኛል፣ ምክንያቱም በአራተኛው ዓመት በለጠኝ። እኔ አንድ ወፍጮ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ለማወቅ ግማሽ ቀን ሙሉ ስፈታ እውላለሁ። እሱ መዳፉን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ «ጋሼ፣ የታችኛው ኩሽኔታ ነው» ይላል። ፈትተን ስናየው ዘንጉ የሚሽከረከርበት የታችኛው ኩሽኔታ ነው። መጀመሪያ ላይ «ዝም ብለህ ፍታ፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ» እያልኩ እቆጣው ነበር። በኋላ ተውኩት። ቀናህበት ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ቀናሁበት። ቀንቼም ኮራሁበት።

የቪዛውን ጣጣ ያመጣው ይኸው መዳፉ ነው። ቡሬ ላይ አንድ የዱቄት ማሽን ሲተከል የውጭ አገር ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ማሽኑ ተተክሎ ሲያበቃ አንድ ያልታወቀ ንዝረት አስቸገራቸው። ለብየዳ ሥራ ተጠርተን እኔና ልጁ እዚያው ነበርን። ፈረንጆቹ በኮምፒዩተር ሁለት ቀን ሲፈልጉት የቆዩትን እሱ ብየዳውን አስቀምጦ ሄደና መዳፉን አሳረፈበት። «እዚህ ጋ ነው፣ ዘንጉ ጎብጧል» አለ። ከፈረንጆቹ ሽበታሙ ሳቀ። ፈትተው ሲለኩት መሳቁን ተወ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ከአጠገቡ አላራቀውም፤ ሥራው ሲያልቅ ስልክ ቁጥሩን ተቀብሎ ሄደ።

እኔ ፈረንጅ ስልክ ተቀብሎ ከሄደ ሄደ ነው ብዬ ነበር። ይኼኛው አልረሳም። የሚሠራበት ድርጅት ካናዳ ውስጥ የእህል ጎተራና የወፍጮ ማሽን የሚተክል ነው። የእጅ ባለሙያ አጥተዋል አሉ። የድርጅቱ ባለቤት ልጁን በቪዲዮ አነጋገረው። ልጁ ከትምህርት ቤት በተረፈችው እንግሊዝኛ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ተምሮ ጨመረባት፣ የሙያ ምዘና ተፈተነ፣ አለፈ። ባለቤቱ በመጨረሻ ስፖንሰር አደርግሃለሁ አለው። ይህ ማለት ባለሙያ ሠራተኛዬ ነው ብሎ መንግሥቱን አስፈቅዶ፣ የሥራ ቪዛ አስወጥቶ ይወስደዋል ማለት ነው። ዓመት ሲሞላ ሚስቱን መውሰድ ይችላል ተባለ።

ለምን መሄድ ፈለገ ብላችሁ አትጠይቁኝ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። መብራት የለም፣ ናፍጣ የለም፣ ኩሽኔታ ከባሕር ዳር እናስመጣ ብንል የሚያመጣው ሹፌር የለም። ኔትወርኩ ጠፍቶ ይከርምና ድንገት ሲመጣ ስልኩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጮሃል። በፊት በሳምንት አራት አምስት ወፍጮ የምንጠግን ሰዎች ቆርቆሮው ሥር ቁጭ ብለን የዝናብ ጠብታ የምንቆጥርበት ቀን በዛ። የእሱ ሚስት ደግሞ አርግዛለች። የኔ ልጆች ሁሉም አዲስ አበባ ገብተዋል፤ የቀረኝ እሱ ነው። ቢሆንም ሂድ አልኩት። ከልቤ ነው ሂድ ያልኩት።

ከሚጠየቀው ወረቀት ሁሉ ዋናው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሆነ። ሌላው ወረቀት ተሟልቷል። ይኼ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሙያ ላይ መቆየቱን ያሠራው ሰው ይመስክር፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደተቀጠረ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ በወር ስንት እንደሚከፈለው ይጻፍ ተባለ። ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ማህተም አለኝ። ከወረዳው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ወዳለው ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። ጸሐፊዋ ልጅ የተላከውን ዝርዝር እያየች ትጠይቀኛለች፣ እኔ እከራከራለሁ።

«ደመወዝ ከፍዬው አላውቅም እኮ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ያካፈሉኝን ሁሉ ምን እንበለው?» አለ ልጁ። «በእነሱ ወግ ሠርቶ የተቀበለ ሰው ደመወዝ ተቀበለ ነው የሚባለው። ሌላ ቦታ የለውም ፎርሙ ላይ።»

«እንግዲያው ልጄ ነው የሚል አንድ መስመር ይግባበት።»

ደነገጠ። «ኧረ በእግዚአብሔር» አለኝ። «ዘመድ ለዘመድ የጻፈው አይቆጠርም። ከአሠሪህ ጋር ዝምድና አለህ ወይ የሚል ጥያቄም አለ። የለኝም ብያለሁ። ደግሞም በሥጋ የለኝም።»

በሥጋ የለኝም ያለው እውነቱን ነው። ተቀጥሮ የሚል፣ ደመወዝ የሚል፣ ሰዓት የሚል እንግሊዝኛ ተጻፈ። ፈረምኩ፣ ማህተሜን አሳረፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ያስጠናኝ ጀመር። ይደወልልዎታል ይለኛል፤ ሊያረጋግጡ ይደውላሉ። ሠራተኛዬ ነው ይበሉ፣ ደመወዝ እከፍለዋለሁ ይበሉ፣ ዝምድና የለንም ይበሉ። ሦስት ነገር ብቻ። ግሪስ እየቀባሁ ይጠይቀኛል፣ እኔም እየተነጫነጭኩ እመልሳለሁ። «በስተርጅና ድራማ ልታሠራኝ ነው?» እለዋለሁ። ይስቃል። አጥንቼው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ አልረሳሁትም።

ስልኩ የተደወለው በገበያ ቀን፣ ከረፋዱ ላይ ነው። ልጁ ወደ ቡሬ አቅጣጫ የአንድ ባለወፍጮ ሞተር ሊያይ ሄዷል። እናቱ በርበሬዋን ልትሸጥ በጋሪ መጥታ፣ ሻንጣ የማይባል ሻንጣዋን እኔ ጋ አስቀምጣ፣ እግሯን ልታሳርፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የልጇን ደኅንነት ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ በጎ በጎውን አወራላታለሁ። ስለ ካናዳው የምታውቀው ጥቂት ነው። ሩቅ አገር ለሥራ እንደሚሄድ፣ እኔ እንደመሰከርኩለት፣ ይኸው ነው።

የኔ ስልክ ጆሮ ላይ ሲያደርጉት አይሰማም። ዱቄትና ዘይት ገብቶበት ጆሮው ሞቷል፤ ድምፁን ካላወጡት አይሠራም። ቁጥሩ የማላውቀው ነው፤ አነሳሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አንዲት ሴት ናት። የአዲስ አበባ አማርኛ፣ ትሑት። ስለ ልጁ የቪዛ ማመልከቻ ከኤምባሲ እንደምትደውል ነገረችኝ። ስሙን ጠራች። እናቲቱ ቀና አለች። ከሴትዮዋ ኋላ የሚጠይቅ የፈረንጅ ድምፅ ይሰማል፣ እሷ ናት የምታስተረጉምለት።

«እርስዎ ዘንድ የሚሠራ ተቀጣሪ ነው?» አለችኝ።

የኔ ቤት ሥራ ባለበት ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን መብራት የለም፣ ሞተር አልተነሳም፣ የምትሰማው ያቺ ቃል ብቻ ናት። እናቱን አየኋት። ነጠላዋን ወደ አገጯ ሰብሰብ አድርጋ ምን እንደምመልስ ትጠብቃለች። አሥራ ሁለት ዓመት በሙሉ ዓይኗ እንደዚያ አላየኝም ነበር።

አዎ ማለት ምን ነበረበት? አሁን ይህን ጥያቄ ራሴን በቀን አሥር ጊዜ እጠይቃለሁ። አዎ ብዬ፣ ስልኩን ዘግቼ፣ «እትዬ፣ ለወረቀት ነው እንጂ» ብላት ትረዳኝ ነበር። ምናልባት ቅር ይላት ነበር፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። አላልኩም። ማጥናቴን እያወቅኩ፣ ሦስቱም መልስ ምላሴ ላይ እያለ፣ በእሷ ፊት ልጇን ተቀጣሪ ማለት አፌ አልታዘዝልኝም።

«ተቀጣሪ?» አልኩ። «ቀጥሬው አላውቅም። ልጄ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከኔ ገበታ በልቶ ያደገ ልጄ ነው።»

ሴትዮዋ ከፈረንጁ ጋር ተነጋገረች። «በወር ስንት ይከፍሉት ነበር?» አለችኝ።

«ለልጅ ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?»

አሁን ሲነሳ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የተናገርኩት። እንዲያውም ጨመርኩበት። ደብዳቤው ደመወዝ ይከፈለዋል ይላል እኮ አለችኝ። ደብዳቤውን ጽሕፈት ቤት ነው የጻፈው፣ እኔ ፈርሜበታለሁ፣ እንግሊዝኛ አላነብም፣ የልጁ እጅ ግን እንከን የለበትም፣ ከኔ ይበልጣል፣ አባት ለልጁ የሚዋሽ መስሏችሁ እንዳትጠራጠሩ አልኩ። ሞኝነቴን እዩልኝ። በልቤ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? አሠሪማ ሠራተኛውን የሚያመሰግነው ለጥቅሙ ነው፤ አባት ልጁን ሂድ ብሎ አሳልፎ ሲሰጥ ግን ከዚያ የበለጠ ምን ምስክር አለ ብዬ ነው። ያጠናሁትን ብተወውም የተሻለ ያልኩ መሰለኝ።

ሴትዮዋ አመስግና ዘጋች። እናቲቱ ተነስታ፣ ቀስ ብላ መጥታ፣ ዘይት የነካውን እጄን ያዘችና መረቀችኝ። «ቃልዎን ጠበቁልኝ» አለችኝ። «አባቱ ቢሰማ ነፍሱ ትረካ ነበር። ልጆችዎ እንዲህ በሰው ፊት ከፍ ይበሉልዎ።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በርበሬዋን ልትሸጥ ሄደች፣ እኔ እያፏጨሁ ዘንግ ማቃናት ጀመርኩ።

ልጁ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። በሩ ላይ ቦርሳውን ሳያወርድ «ተደውሎልሃል» አልኩት። ፊቱ በራ። ምን አሉዎት፣ ምን መለሱ አለኝ። ነገርኩት። የእናቱን ምርቃት ጭምር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እየነገርኩት ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ፣ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። ቦርሳውን አወረደ። መሬት ላይ ተቀመጠ፣ እዚያው ብረት ብናኝ ላይ።

«ደመወዝ አልከፍለውም አሉ?» አለኝ።

«በእናትህ ፊት ምን ልበል?»

«ደብዳቤውን አልጻፍኩትም አሉ?»

«ፈርሜበታለሁ ብያለሁ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ልክ እኔ ጀማሪን ስለ ሞተር እንደማስረዳው። ደብዳቤው ሌላ፣ የሰጠሁት መልስ ሌላ፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ አመልካቹ ዋሽቷል ነው የሚባለው አለኝ። ተጠይቀህ ዝምድና የለኝም ብለሃል፤ አሠሪህ ልጄ ነው ካለ ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርበሃል ይላሉ አለኝ።

«እኔ ልደውልላቸውና ላስረዳቸው» አልኩ። ደወልን። ያ ቁጥር ሲደወልለት አይነሳም። ለሚቀጥሉት ቀናት ያላሰብኩት ነገር የለም። ሦስት ሽማግሌ ይዤ፣ አንድ ቄስ ጨምሬ፣ መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ወርጄ ኤምባሲው ደጅ ቆሜ በደሉ የኔ ነው፣ ልጁን ማሩት ልል አሰብኩ። ሽማግሌዎቹን አነጋግሬያቸውም ነበር፤ እሺ ብለውኛል። ለልጁ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እዚያ ሽማግሌ የሚቀበል ሰው የለም» አለኝ። «ወረቀት ነው የሚቀበሉት። ወረቀቱን ደግሞ ሰጥተናል።»

ማስረጃ ይሆናል ተብሎ የማብራሪያ ደብዳቤ ተጽፎ ተላከ። የጻፍነው ሁሉ እውነት ነበር፤ እንዴት እንዳደገ፣ እንዴት እንደምንካፈል፣ በአገራችን ሙያ እንዴት እንደሚሰጥ። ጸሐፊዋ ልጅ እየተየበች ዓይኗን ጠረገች። መልሱ የመጣው ኔትወርክ ጠፍቶ በተመለሰበት ሰሞን ነው። ኮምፒዩተር ቤቱ ውስጥ ቆሜ ልጁ ሲያነበው ጀርባውን ነበር የማየው። ወሽመጡ ሲቆረጥ ከጀርባም ይታያል። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል፣ ሐሰተኛ መረጃ በማቅረብ። ለአምስት ዓመት ዳግም ማመልከት አይችልም።

ሽበታሙ ፈረንጅ ከልቡ ጻፈለት። የድርጅቱ ባለቤትም ጻፈ። አዝነናል አሉ፤ አምስት ዓመት ግን ቦታ ይዘን መቆየት አንችልም አሉ። ሌላ ሰው ወሰዱ፣ ከሌላ አገር። ማን ይፈርድባቸዋል? ማሽኑ እንደሆነ ጠጋኝ ይፈልጋል።

ልጁ ሁለት ሳምንት ከቤቱ አልወጣም። ሚስቴ ምግብ ትልካለች፣ ሚስቱ ሳህኑን አጥባ ትመልሳለች። እኔ ደጁ ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ምን ብዬ ልግባ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ወርክሾፑን ስከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አቀፍኩት። ታቀፈልኝ፣ ግን እጁ ውስጥ ወረቀት ይዟል።

የቅጥር ውል ነው። ራሱ አስጽፎት መጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ በደመወዝ ይቀጥሩኝ አለኝ። በየወሩ ልፈርምልዎት፣ ግብሩም ይቆረጥ፣ ጡረታውም ይቆረጥ። አምስት ዓመት ሲያልፍ ሌላ አሠሪ ባገኝ፣ ሌላ አገርም ቢሆን፣ ይህ እውነተኛ ወረቀት ሆኖ ይቆየኝ። ሲናገር ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት አበርደው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ይሳካል ብሎ እንደማያምን ግን ድምፁ ይናገራል፤ ሰው ዝም ብሎ ላለመቀመጥ እንደሚሠራው ሥራ ነው የነገረኝ። እኔም አላምንም። ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነን። ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። ወር ሲገባ ይፈርማል፣ ይቀበላል፣ «አመሰግናለሁ» ይለኛል። ይኼ አመሰግናለሁ የሚባለው ነገር በእኔና በእሱ መካከል አልነበረም፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ምሳ ሲደርስ ሚስቴ ትጠራዋለች። «ይዤ መጥቻለሁ» ይላታል፤ ሳህኑን ይዞ ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ሄዶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ቆጣ ብዬ ጠየቅኩት፤ እኔን ለመቅጣት ነው ወይ አልኩት። «አይደለም ጋሼ፣ ሰው ቢጠየቅ ያየውን ነው የሚናገረው» አለኝ። «ከአሠሪው ጋር ይበላ ነበር፣ ዘመዱ ነው ይላሉ።»

የቀረው ነገር ለእናቱ አለመንገር ነበር። እንዳይነግሯት ብሎ ለመነኝ። ቪዛው በመንግሥት ጉዳይ ቆሟል ብሎ ነው የነገራት። በእኔ አፍ መሆኑን ብታውቅ፣ ያውም እሷ ፊት፣ ለእሷ ስል መሆኑን ብታውቅ፣ በራሷ ትፈርዳለች፣ ሐዘኑ ይገድላታል አለኝ። ማልኩለት። እኔ እንግዲህ መማል እወዳለሁ። በየገበያው ቀን ትመጣለች፣ እጄን ይዛ ትመርቀኛለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። በርበሬ ትሰጠኛለች። የዚያን በርበሬ ወጥ ስበላ አንድም ቀን ወርዶልኝ አያውቅም።

ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። እልል ተባለ፣ ገንፎ ተበላ፣ ሕፃኑን ታቅፌ መዳፉን ገልጬ አየሁ። ያባቱን እጅ ይመስላል። የክርስትና አባቱ እኔ እንደምሆን ማንም አልጠየቀም፤ የሚጠየቅ ነገር ስላልሆነ። ሚስቴ ማተቡን፣ ነጭ ልብሱን፣ ሁሉን አዘጋጅታ ጨርሳለች።

አርባ ቀኑ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ልጁ ሥራ ከጨረስን በኋላ አልሄደም። እጁን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ። «ለክርስትናው ሌላ ሰው ይዣለሁ» አለኝ። ጎረቤቱ የሆነ አስተማሪ ነው። «ክርስትና አባት ዝምድና ነው ጋሼ። ቤተ ክርስቲያኑም ወረቀት ይሰጣል፣ ስም ይጻፍበታል። እኔ ነገ ዝምድና የለንም ብዬ እንደገና መፈረሜ አይቀርም።» ከዚያ፣ «ቅር አይበልዎት» አለኝ።

«አይለኝም» አልኩት። ምን እንድል ፈለጋችሁ? ትክክል ነው። የወረቀቱን ነገር ከኔ የበለጠ ያውቃል። ማታ ለሚስቴ ስነግራት ልብሱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ እራትም አልበላንም።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አስተማሪው ሕፃኑን ታቅፎ ከቄሱ ፊት ቆሟል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ አያያዙን ግን አያውቅበትም፣ የሕፃኑ አንገት ይወዛወዛል። እኔ ከጎረቤቶቹ ጋር ከኋላ ቆምኩ። የልጁ እናት፣ የሕፃኑ አያት፣ ከሴቶቹ ወገን ሆና አየችኝ። ከኔ ወደ አስተማሪው፣ ከአስተማሪው ወደኔ አየች። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲወጣ በአጥሩ ጥግ ጠበቀችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አልያዘችም።

«ክርስትና አላነሳም አሉ?» አለችኝ።

ልጇ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየናል። ምንም እንዳልናገር በዓይኑ ይለምነኛል።

«እኔ ደግሞ ለአገር ሁሉ ሳወራ» አለች። «ያን ቀን ልጄ ነው ያሉት ለዚያች ለስልክ ሴትዮ ብቻ ነው?»

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሰዎቹ ሄደች፤ እኔም ወርክሾፕ ሄጄ ከፈትኩ።